የከተማው ግንባር፦ የውስጥ አርበኝነት ታሪክ ከ1928 እስከ 1933

በመጋቢት 1929 ዓ.ም የጣሊያን እንደራሴ የነበረው ሮዶልፎ ግራዚያኒ አንድ ትእዛዝ አወጣ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የሚገኙ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየተለቀሙ እንዲገደሉ የሚል ነበር። ትእዛዙ በወረቀት አልቀረም። ማሲንቆ ከመምታት፣ ኮከብ ከመቁጠርና ከመጸለይ ሌላ ሥራ ያልነበራቸው ሰዎች ተረሸኑ።

አውሮፕላን፣ ታንክና የመርዝ ጋዝ የታጠቀ ጦር አዝማሪን ለምን ፈራ? እነዚህ ሰዎች ከገበያ ገበያ፣ ከደብር ደብር እየዞሩ የጣሊያን ዘመን አጭር መሆኑን፣ በየበረሃው የሚዋጋ ወገን መኖሩን ለሕዝቡ ይናገሩ ስለነበር ነው። ጋዜጣው በጠላት እጅ በገባበት አገር የሕዝብ ወሬ የሚጓዘው በእነሱ አፍ ነበር። ግራዚያኒ ከጫካው ጦር በስተጀርባ ሌላ፣ መሣሪያው የማይታይ ጦር እንዳለ ተረድቶ ነበር።

የአምስቱን ዓመት ተጋድሎ ስናነሳ ቶሎ ዓይናችን ፊት የሚመጣው ጎፈሬውን ያሳደገው፣ ምንሽሩን ያነገተው የዱር አርበኛ ነው። ይገባዋል። ዳሩ ግን ያ አርበኛ የሚተኩሰው ጥይት ከየት መጣ? ጦር ሊዘምትበት መሆኑን ማን ነገረው? ሲቆስል መድኃኒቱን ማን አመጣለት? መልሱ ጠላት መሐል ተቀምጦ፣ የጠላትን ደመወዝ እየተቀበለ፣ የጠላትን ምስጢር ያወጣ የነበረ የውስጥ አርበኛ ነው። ይህ ጽሑፍ የእሱንና የእሷን ታሪክ ይተርካል። የውስጥ አርበኛው የዱሩ አርበኛ ረዳት ብቻ ተደርጎ መታየቱ ትክክል እንዳልሆነ፣ የተጋድሎው ግማሽ አካል እንደነበረ ያሳያል። ቀኖቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከማይጨው ማግሥት

የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነበር። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የሰሜኑ ግንባር የመጨረሻ ትልቅ ውጊያ ተደረገ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ጦርም ተፈታ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ሚያዝያ 27 ቀን የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ከተማዋን ያዘ።

ሙሶሊኒ ጦርነቱ አበቃ ብሎ ለዓለም አወጀ። መሬት ላይ የነበረው እውነት ግን ሌላ ነበር። በዚያን ሰዓት ጣሊያን በእጁ ያገባው ዋና ዋና ከተሞችንና የሚያገናኙዋቸውን መንገዶች ነው። ደቡቡና ምዕራቡ በአብዛኛው ገና አልተያዘም። ጠላት ወደ አዲስ አበባ እየገሰገሰ ሳለ እንኳ ልጅ ኃይለ ማርያም ማሞ ደብረ ብርሃን አጠገብ ጫጫ ላይ አድፍጠው መቱት፤ የሸዋ የመጀመሪያው አርበኛ የሚባሉትም በዚህ ነው። የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት አበበ አረጋይ ተከታዮቻቸውን ይዘው ከከተማ ወጡ። በፍቼ የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋ ወሰን ጦራቸውን አልበተኑም ነበር።

ሆኖም የሁሉም የጋራ ችግር አንድ ነበር። ማዕከል የለም። ንጉሡ በስደት፣ መኳንንቱ የተከፋፈሉ፣ ጦሩ የተበተነ ነው። የኢትዮጵያ ጦር ሺህ ዓመት የለመደው ክተት ታውጆ፣ ነጋሪት ተጎስሞ፣ ንጉሥ ወይም ራስ ከፊት ቀድሞ መዝመትን ነው። አሁን ነጋሪት የሚያስጎስም የለም። አርበኝነት እንደ አዲስ መደራጀት ነበረበት።

ጥቁር አንበሳ፦ ሕግ የጻፈ ድርጅት

የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው በምዕራብ፣ ነቀምቴ ላይ ነው። በስዊድን መኮንኖች ሥር በ1927 ከተከፈተው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና ውጭ አገር የተማሩ ምሁራን ተሰብስበው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሊቀ መንበሩ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ይልማ ደሬሳ፣ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ፣ የጦር መኮንኖቹ ክፍሌ ናሲቡና በላይ ኃይለአብ ከአባላቱ መካከል ነበሩ። ወጣቷ ስንዱ ገብሩም ከእነሱ ጋር ተሰልፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲወጡ እንደራሴ አድርገው የተዉዋቸው ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጎሬ ሲደርሱ ድርጅቱ መሪው እንዲሆኑ ጠየቃቸው።

ጥቁር አንበሳን ከቀደሙት ጭፍሮች ሁሉ የሚለየው ደንቡን በጽሑፍ ማስፈሩ ነው። አሥር አንቀጽ ያለው ይህ ደንብ የፖለቲካው አመራር ከወታደራዊው በላይ እንዲሆን ይደነግጋል። የተማረከ ጠላት እንዳይገደልና እንዳይንገላታ ያዛል። ባላገሩን መዝረፍና ማስጨነቅ ይከለክላል። ጦር በደረሰበት ሁሉ ከገበሬው ጎተራ መብላት ልማድ በነበረበት አገር ይህ አንቀጽ ከባድ ሐሳብ ነው። ወጣቶቹ ሕዝቡ የጠላው ተጋድሎ እንደማይዘልቅ ገና ከጅምሩ አይተውታል።

የድርጅቱ ትልቁ ድል የተገኘው ሰኔ 19 ለ20 ሌሊት 1928 ቦናያ ላይ ነው። ጣሊያን ምዕራቡን ያለ ውጊያ ለማስገበር በማሰብ 3 አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ከሚገኘው ከቦናያ ሜዳ አሳረፈ። የጥቁር አንበሳ ተዋጊዎች በሌሊት ከበው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ የአየር ኃይሉን ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ ከአንድ ቄስ በስተቀር ሁሉንም ገደሉ። ማይጨው ላይ ከሰማይ እሳትና መርዝ ሲዘንብበት ለነበረ ሠራዊት የጠላትን አውሮፕላን መሬት ላይ ማንደድ ታላቅ የምሥራች ነበር።

ይሁንና ድርጅቱ ዕድሜ አላገኘም። ጥይት አለቀ፤ የአካባቢው ባላባቶችም ሁሉ ከእሱ ጋር አልነበሩም፤ ራስ እምሩ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው በታኅሣሥ 1929 እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ። ራስ እምሩ ወደ ጣሊያን ሲጋዙ ከተማረኩት ወጣት መኮንኖች ብዙዎቹ በአዲስ አበባ እስር ላይ ቆዩ። ጥቁር አንበሳ የሠራው በግልጽ እንደሚዋጋ ሠራዊት ነው፤ አባላቱ የሚታወቁ፣ ማዕከሉም የሚታይ ነበር። ማዕከሉ ሲመታ ሁሉም ነገር አብሮ ተመታ።

ሐምሌ 1928፦ ከተማዋን ለማስለቀቅ የተደረገው ሙከራ

በዚያው ክረምት የሸዋ አርበኞች አዲስ አበባን ከየአቅጣጫው ገብተው ለመያዝ ተማከሩ። የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር ከሰላሌ፣ የአበበ አረጋይ፣ የደጃዝማች ፍቅረ ማርያምና የሌሎችም ጭፍራ በየበኩሉ እንዲገባ ታቀደ። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስም ጦሩን እየባረኩ አብረው ዘመቱ።

ሐምሌ 21 ቀን ጥቃቱ ተጀመረ። ከፊሉ ጦር ዘልቆ ከከተማው ውስጥ ገባ። ነገር ግን ስልክም ሬዲዮም ስላልነበረ አንዱ ሲገባ ሌላው ገና መንገድ ላይ ነበር። የሐምሌ ዝናብና የሞላው ወንዝ የመጣውን ከመጪው ለያየው። ጣሊያን ደግሞ መትረየሱን በየኮረብታው ጠምዶ ይጠብቅ ነበር። ሙከራው ከሸፈ። አቡነ ጴጥሮስ ተይዘው ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ ተረሸኑ። ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ማውገዛቸው እስከ ዛሬ ይነገራል። ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰንም ምሕረት ተሰጥቷችኋል ተብለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ ተገደሉ።

ከዚህ ሽንፈት ሁለት ትምህርት ተገኘ። አንደኛው፣ በጠላት ምሽግ ላይ ፊት ለፊት መሮጥ ሕይወት መጨረስ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከተማን ከውጭ ብቻ ማጥቃት እንደማይቻል ነው። ከውስጥ የሚያይ ዓይን፣ የሚሰማ ጆሮ፣ በር የሚከፍት እጅ ያስፈልጋል። እጅ የሰጠ እንደማይድንም የፍቼው ግድያ ለቀሩት ሁሉ አስተማረ።

የካቲት 12 እና ያስከተለው

አብርሃ ደቦጭ ኤርትራ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ ወጣት ነው። ጣሊያንኛ ስለሚያውቅ በጠላት የፖለቲካ ቢሮ ውስጥ በአስተርጓሚነት ይሠራ ነበር። ጓደኛው ሞገስ አስገዶምም የኤርትራ ልጅ ነው። ስምዖን አደፍርስ መኪና ያሽከረክራል። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ የኔፕልስን ልዑል መወለድ ምክንያት አድርጎ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሲያድል፣ አብርሃና ሞገስ በተከታታይ ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ በፍንጣሪ ክፉኛ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ሁለቱ ወጣቶች ስምዖን ባዘጋጀው መኪና ወደ ደብረ ሊባኖስ አመለጡ። ስምዖን ተመልሶ ተያዘና በሥቃይ ሕይወቱ አለፈ። አብርሃና ሞገስም ወደ ሱዳን ሲያመሩ ተገደሉ።

በጠላት ቢሮ ተቀምጦ፣ የቢሮውን መግቢያና መውጫ አጥንቶ፣ ከታመነ ጓደኛ ጋር መምከርና በተዘጋጀ መንገድ መውጣት ከዚያ በኋላ በዘዴና በብዛት የተሠራበት የውስጥ አርበኝነት መንገድ ነው።

ጠላት የመለሰው መልስ ሰው የሚባል ፍጥረት ያደርገዋል ተብሎ የማይታሰብ ነበር። ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ፋሺስቶች ለሦስት ቀን በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ተለቀቁ። በአካፋና በዶማ ገደሉ፤ ጎጆዎችን ከነሰዎቹ በቤንዚን አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ ይዟል፤ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል ከ19,000 በላይ እንደሚሆን ያሰላል። ግድያው በዚህ አላበቃም። የተማረ ሰው ተለይቶ ይፈለግ ጀመር። በእስር ላይ የነበሩት ክፍሌ ናሲቡ፣ በላይ ኃይለአብ፣ ቢንያምና ዮሴፍ ወርቅነህ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ግንቦት 12 ቀን፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐፅም በዓል ዕለት፣ የጄኔራል ማሌቲ ጦር ደብረ ሊባኖስን ከበበ። የጣሊያን መዝገብ ራሱ ከ400 በላይ መነኮሳት፣ ዲያቆናትና ምእመናን መገደላቸውን ያምናል፤ የኋለኛው ጥናት ከ1,000 በላይ ያደርሳቸዋል። በመቶ የሚቆጠሩ መኳንንትና ወይዛዝርት ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ ብዙዎቹ ሰርዲኒያ አጠገብ በምትገኘው በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ሌላው ሶማሊያ ውስጥ ወዳለው የደናኔ እስር ቤትና ቀይ ባሕር ላይ ወዳለችው የኖኩራ ደሴት ተወሰደ።

ግራዚያኒ ይህን ሁሉ ያደረገው አርበኝነትን ከሥሩ ለመንቀል ነበር። ያገኘው የፈለገውን ተቃራኒ ነው። ከየካቲት በፊት ለጣሊያን ተገዝቶ በሰላም መኖር ይቻላል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው ነበር። ከየካቲት በኋላ ግን ባላገሩም ከተሜውም ዝም ብሎ መቀመጥ ከሞት እንደማያድን አወቀ። እግሩ የጠና ወደ ጫካ ወጣ። መውጣት የማይችለው እናት፣ ሽማግሌ፣ ጸሐፊ፣ ነጋዴ እና ካህን በያለበት የውስጥ አርበኛ ሆነ።

የውስጥ አርበኛው ሥራ

የውስጥ አርበኛው የመጀመሪያ ሥራ ወሬ ማቀበል ነው። በጣሊያን ቢሮዎች በጸሐፊነት፣ በአስተርጓሚነት፣ በዘበኛነትና በአሽከርነት የተቀጠሩ ኢትዮጵያውያን ጦር የት እንደሚንቀሳቀስ፣ መቼ እንደሚዘምትና ምን ያህል እንደሆነ እየሰሙ ለጫካው ያስተላልፋሉ። ያለ አስተርጓሚ መግዛት የማይችለው ቅኝ ገዥ ምስጢሩን ሁሉ በአስተርጓሚው ጆሮ ያሳልፍ ነበር።

ሁለተኛው ሥራ ጥይት ነው። አርበኛው የያዘው ጠመንጃ ብዙ ዓይነት ነበር፤ ምንሽር፣ ለበን፣ ውጅግራ፣ አልቤን። ለእያንዳንዱ የሚስማማ ጥይት ማግኘት ትልቅ ጭንቅ ነበር። አንዱ ምንጭ ከጠላት ላይ መማረክ ሲሆን ሌላው ምንጭ የውስጥ አርበኛው ነው። በጣሊያን ጦር ውስጥ ከሚያገለግለው አስካሪ ይገዛል፣ ከግምጃ ቤት ያወጣል፣ በጠገራ ብር ይለውጣል፤ ከዚያም በአህያ ጭነት መሐል፣ በእህል ከረጢት ውስጥ ከከተማ ያስወጣል።

ሦስተኛው ሥራ መድኃኒት፣ ልብስ፣ ጨውና ገንዘብ መላክ ነው። በሐሩርና በውርጭ ለሚያድር ሰው ልብስና የቁስል መድኃኒት ከጥይት እኩል ነው። አራተኛው ሥራ ሰውን መደበቅና ማሳለፍ ነው። ሊታከም ወይም ወሬ ሊያጣራ ተሸሽጎ ከተማ የገባውን አርበኛ ያሳድራሉ፤ የይለፍ ወረቀት ያስገኙለታል፤ ከእስር ያመለጠውን ወደ ጫካ ያሻግራሉ፤ ጣሊያንን ከድቶ ሊወጣ የፈለገውን የኤርትራ አስካሪ ከአርበኞች ጋር ያገናኛሉ። ጠመንጃቸውን ይዘው ወደ ወገን የገቡት እነዚህ አስካሪዎች የዘመናዊ ውጊያ ልምድ ስላላቸው ለአርበኛው ትልቅ ኃይል ሆኑት።

ይህን ሁሉ የሸፈነው የአገሩ ማኅበራዊ ኑሮ ነው። ገበያ፣ ለቅሶ፣ የማኅበር ጽዋና የታቦት ንግሥ ሰው ከሩቅ መጥቶ የሚገናኝባቸው ቦታዎች ናቸው። ጣሊያን እነዚህን ሁሉ መከልከል አልቻለም፤ እዚያ ማን ከማን ጋር ምን እንደተነጋገረ ማወቅም አልቻለም። የቃል መልእክት ከጽሑፍ ይልቅ ይመረጥ ነበር፤ ወረቀት ይያዛል፣ ቃል ግን ከሰውየው ጋር ይሞታል።

በዚህ ሥራ የሴቶች ድርሻ ከፍ ያለ ነበር። ፈታሹ የጣሊያን ፖሊስ፣ ካራቢኜሪ፣ እንስራ ያዘለችን፣ ጠላ የምትሸጥን ወይም ነጠላ ተከናንባ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለምን ሴት ጦረኛ ብሎ አይጠረጥርም። እነሱም ንቀቱን መሣሪያ አደረጉት። ከሁሉ ጎልቶ የሚነሳው የሸዋረገድ ገድሌ ስም ነው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ንብረታቸውን ሸጠው ለአርበኞች ጥይት፣ መድኃኒትና ስንቅ ያቀብሉ ነበር። ተይዘው ክፉ ሥቃይ ደረሰባቸው፤ የተባባሪዎቻቸውን ስም ግን አልተናገሩም። ወደ አዚናራ ተጋዙ። ሲመለሱም አልተቀመጡም፤ እንደገና ከአርበኞች ጋር ተገናኝተው የአዲስ ዓለም ምሽግ በተመታበት ውጊያ ዋና ተሳታፊ ሆኑ። ስንዱ ገብሩም በአዚናራ ታስረው ተመልሰው፣ ከነጻነት በኋላ መምህርት፣ ደራሲና የምክር ቤት አባል ሆነዋል።

የውስጥ አርበኛ የሚከፍለው ዋጋ ከዱሩ አርበኛ የከበደበት ጊዜ ብዙ ነው። የዱሩ አርበኛ ቢሞት ጠመንጃውን ይዞ፣ በወገኖቹ መካከል፣ ፉከራው እየተሰማ ነው። የውስጥ አርበኛ ከተያዘ ብቻውን ነው፤ ምርመራው ረጅም፣ ሞቱ በገመድ ነው። ከዚያም በላይ የሚያቃጥል ነገር ነበረበት፤ ጎረቤቱ የጣሊያን አሽከር፣ ባንዳ ብሎ ይጠላዋል። ስድቡን ሰምቶ እውነቱን መናገር አይችልም።

ከጫካው ጋር ያለው ትስስር

የዱሩ አርበኛ አደረጃጀት ከአገሩ ልማድ የተወሰደ ነበር። በየቀበሌው ሕዝቡ ጎበዝ አለቃ ይመርጣል፤ ጎበዝ አለቃው በአካባቢው ላለ ታላቅ መሪ ያድራል። ብዙዎቹ ተዋጊዎች ወቅት ሲሆን ያርሳሉ፣ ጥሪ ሲመጣ ይዘምታሉ። በዚህ መንገድ በሸዋ አበበ አረጋይ፣ ኃይለ ማርያም ማሞና መስፍን ስለሺ፣ በወሊሶ በኩል ገረሱ ዱኪ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና ኃይሉ በለው፣ በበጌምድር ውብነህ ተሰማና ዳኘው ተሰማ ተነሡ። የደጃዝማች አበራ ካሣ ባለቤት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ከተገደሉ በኋላ ጦሩን እየመሩ ተዋጉ። ጃገማ ኬሎ ጫካ የገባው ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ ነበር።

በክረምት 1929 መጨረሻ ላስታ ተነሣ፤ መሪው ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 መባቻ ወደቁ። ጎጃምና በጌምድር ተከተሉ። ጣሊያን ከዚያ በኋላ በእነዚህ አገሮች ከምሽግ ወደ ምሽግ በአጀብ የሚጓዝ ኃይል ሆነ። በ1930 ግራዚያኒ ተነሥቶ የአኦስታው መስፍን ሲተካ አገዛዙ ከጭካኔ ወደ ማባበል ሞከረ። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ከአበበ አረጋይ ጋር የእርቅ ንግግር ከፈተ። አበበ ንግግሩን እያጓተቱ ጊዜ ገዙ፤ ጦራቸውን አሳረፉ፤ በመጨረሻም አልገቡም።

ማባበል ግን የመርዝ ጋዙን አላስቀረም። በሚያዝያ 1931 መንዝ አካባቢ አመፀኛ ዋሻ ውስጥ ከነቤተሰቦቻቸው የተጠለሉት የአርበኛው የተሾመ ሽንቁጥ ተከታዮች በመርዝ ጋዝ ተጠቁ፤ እጃቸውን የሰጡትም ተረሸኑ። ተሾመ አመለጡ፤ የተቀሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ አለቁ።

እዚህ ላይ እውነቱን ሙሉ መናገር ይገባል። ከኢትዮጵያውያን መካከል ብዙ ሰው ባንዳ ሆኖ ወገኑን ወግቷል። አርበኞችም እርስ በርስ በሥልጣን፣ በግዛትና በቆየ ቂም ተዋግተዋል። ባላገሩ በቀን ለጣሊያን፣ በሌሊት ለአርበኛ እየገበረ የከረመበት አገር ጥቂት አይደለም። የጥቁር አንበሳ ደንብ የፈራው ይህንኑ ነበር። ቢሆንም አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ፣ እስከ መጨረሻው ዓመት ድረስ ያለ ውጭ እርዳታ፣ ያለ አንድ የጋራ አዛዥ የዘለቀ ትግል በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም። የዘለቀውም ጫካና ከተማ ስላልተለያዩ ነው።

ወደ አንድነትና ወደ ድል

በስደት የነበረው ወገን ከውስጡ ጋር የተገናኘው በሱዳን በኩል ነው። ጣሊያን በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ከማወጁ በፊት ሎሬንሶ ትእዛዝ በንጉሠ ነገሥቱ ተልከው በድብቅ ጎጃምና በጌምድር ገቡ፤ አርበኞቹን አይተው፣ ደብዳቤ አድርሰው፣ የአገሩን ሁኔታ ይዘው ተመለሱ። በለንደን እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ከ1928 ጀምራ በምታሳትመው ጋዜጣ ኢትዮጵያ አልተሸነፈችም ብላ ስትጮኽ የነበረውም ይህን የመሰለ ወሬ እየደረሳት ነው።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ሙሶሊኒ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባ። ለአራት ዓመት ጆሮዋን ደፍና የነበረችው እንግሊዝ አሁን አርበኛውን ፈለገችው። በነሐሴ ኮሎኔል ሳንድፎርድ አንድ መቶ አንድ የተባለውን ቡድን ይዘው ጎጃም ገቡ። የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል አዛዥ ከበደ ተሰማም አብረው ነበሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው ተቀናቃኞቹን መንገሻ ጀምበሬንና ነጋሽ በዛብህን ማስማማት ነበር፤ ተሳካ። ጥር 12 ቀን 1933 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ። የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት አነስተኛ ጦርና የጎጃም አርበኞች ቡሬን አስለቅቀው ወደ ደብረ ማርቆስ ገፉ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ በዚያው ዕለት ከደቡብ የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ከተማዋ በጠላት በተያዘች ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። የመጨረሻው የጎንደር ምሽግ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ነው።

የእንግሊዝ ጦር ከኬንያ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት አዲስ አበባ የደረሰው ጣሊያን አስቀድሞ ስለተዳከመ ነው። ሠራዊቱ በየምሽጉ ተበትኖ፣ ከኋላው የሚያምነው ሰው አጥቶ፣ መንገዱ ሁሉ የሚያስፈራው ሆኖ ነበር። ያንን ያደረጉት አርበኞች ናቸው፤ የዱሮቹም፣ የውስጦቹም።

ከነጻነት በኋላ

ንጉሠ ነገሥቱ ሲገቡ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው አዘዙ። ትእዛዙ አገሪቱን ከመበቃቀል አዳነ። ነገር ግን ሹመቱ ሲደለደል ከጣሊያን ጋር የሠራው ሁሉ ከአርበኛው እኩል፣ አንዳንዴም ቀድሞ ተቀመጠ። በአርበኛ፣ በስደተኛና በባንዳ መካከል የነበረው ቅሬታ ለብዙ ዓመት አልበረደም። አበበ አረጋይ ራስ ተብለው ትልቅ ሥልጣን ላይ ደረሱ። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ግን በጥር 1937 በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ሌላው አርበኛ ደጃዝማች ታከለ ወልደ ሐዋርያት ደጋግመው ታስረው በ1962 ተኩስ ገጥመው ሞቱ።

የአርበኞች ማኅበር ተቋቋመ፤ ሜዳይ ተሰጠ። ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን፣ ታደሰ ዘወልዴ «ቀሪን ገረመው»ን ጽፈው የዱሩን ተጋድሎ ከመረሳት አድነዋል። ደርግ የድል በዓሉን ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ በኋላ ተመልሶ ሚያዝያ 27 ሆነ። በዓሉ በየዓመቱ አራት ኪሎ ላይ ይከበራል፤ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልትም ስድስት ኪሎ ላይ ቆሟል።

የውስጥ አርበኛው ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ቦታው ጠባብ ሆነ። የዱሩ አርበኛ ምስክር አለው፤ የተዋጋበት ቦታ፣ ያዘዘው አለቃ፣ የማረከው ጠመንጃ ይመሰክሩለታል። የውስጡ አርበኛ ሥራ ምስክር እንዳይኖረው ተደርጎ የተሠራ ነው። ወረቀት አላስቀረም፤ የሚያውቁት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቢኖሩ እነሱም ተሰቅለው ይሆናል። ደግሞ ነጻነት ሲመጣ የውስጥ አርበኛ ነበርኩ የሚል ባንዳ አልጠፋም፤ እውነተኛው በሐሰተኛው ምክንያት ተጠረጠረ። ሴቶቹ ደግሞ ወደ ጓዳቸው ተመለሱ፤ ሜዳይ እንጠይቅ ያሉት ጥቂቶች ናቸው።

ስለዚህ ለአንባቢ አንድ ጥያቄ አለኝ። የዚያን ዘመን ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ የሰሙት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን በመካከላችን ናቸው። አያታችሁ ጣሊያን ቤት ይሠሩ ነበር ከተባለ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቁ። አያታችሁ በዚያ ዘመን ጠላ ይሸጡ ነበር ከተባለ ማን እየመጣ ይጠጣ እንደነበር ጠይቁ። የሰማችሁትን ከነቦታው፣ ከነዘመኑ ጻፉት፤ የቤተሰብ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ካለ ለአርበኞች ማኅበር፣ ለቤተ መዛግብት ወይም ለዩኒቨርሲቲ ቅጂውን ስጡ። በእምነት ብቻ ሳይሆን በማስረጃም ልናከብራቸው ይገባል። የኢትዮጵያ ነጻነት የተጠበቀው በሁለት ግንባር ነው፤ እስከ ዛሬ ታሪኩ በወጉ የተጻፈው ግን የአንደኛው ብቻ ነው።